አዲስ ርካሽ ወይስ የታደሰ ጥሩ ቫኪዩም?

በበጋ የባሕር ዳር አቧራ አይጣል ነው። ምንጣፍና ሶፋ ባለበት ቤት፣ በተለይ አስም ያለበት ሰው ካለ፣ መጥረጊያ ብቻውን አይበቃም። ደቃቁን አቧራ መልሶ አየር ላይ ይበትነዋል። ታዲያ በተቀራራቢ ዋጋ ርካሽ አዲስ ቫኪዩም ክሊነር ይሻላል ወይስ ታድሶ የሚሸጥ ጥሩ ማሽን?

እኔ ወደ ታደሰው አደላለሁ። ግን "ታድሷል" እና "ተወልውሏል" አንድ አይደሉም። በደንብ የታደሰ ማሽን ሞተሩ ተፈትሾ፣ ያለቀው ካርቦን (ሞተሩ ውስጥ እየተፋተገ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ክፍል) ተቀይሮ፣ ማጣሪያው አዲስ ሆኖ ነው የሚመጣው። ሻጩ ምን እንደቀየረ መናገር ካልቻለ ዕቃው ያገለገለ ብቻ ነው፤ በዚያው ልክ ይከራከሩ።

ሳይገዙ በፊት ሰክተው ያስነሱት። የቱቦውን አፍ በመዳፍዎ ይዝጉት። አጥብቆ ካልሳበ የሆነ ቦታ አየር ያስገባል ወይም ማጣሪያው ተደፍኗል። የተቃጠለ ሽታ ካለው ይተዉት። የተለጠፈበትን ጽሑፍም ያንብቡ፤ ከአሜሪካ የመጣ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ በ120 ቮልት የሚሠራ ነው። የኛ መብራት 220 ነው፤ ቀጥታ ከሰኩት ሞተሩ ይቃጠላል።

አዲሱ ንጹሕ ነው፣ ዋስትናም ሊኖረው ይችላል። በዋት ብዛት ግን አይሸወዱ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለቤት ቫኪዩም ከ900 ዋት ያነሰ ኃይል ብቻ ነው የሚፈቅደው። እነዚህ ዝቅተኛ ዋት ያላቸው ማሽኖችም አሳምረው ያጸዳሉ።

ለኔ ወሳኙ መለዋወጫ ነው። የታደሰው ማሽን ከረጢትና ማጣሪያ ባሕር ዳር ገበያ ከሌለ፣ በየጊዜው ከአዲስ አበባ ማስላክ ሊመጣ ነው። ያኔ አዲሱን ይግዙ።