«በአሴቶን ይለቃል» ብለው ሃርድ ጄል እንዳይሰሩላችሁ

እህቶቼ፣ የጥር ሠርግ እየደረሰ ነው። ጥፍር ቤቶቹም ከአሁኑ ወረፋ ይዘዋል። እኔ የከፈልኩትን ሌላ ሰው እንዳይከፍል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

የጓደኛዬ ሚዜ ነበርኩ። ከሠርጉ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ እዚሁ አዲስ አበባ አንድ ጥፍር ቤት ገባሁ። ለልጅቷ በግልጽ ነገርኳት። «ሠርጉ ካለፈ በኋላ ማስለቀቅ እፈልጋለሁ። ሊጥ የማቦካ ሰው ነኝ፣ ረጅም ጥፍር ይዤ መቆየት አልችልም» አልኳት። «ችግር የለውም ማሬ፣ ሶፍት ጄል ነው የምሰራልሽ፤ በአሴቶን በ15 ደቂቃ ልቅቅ ይላል» አለችኝ። 2,500 ብር ከፈልኩ። ማስለቀቂያውም እዚያው ውስጥ እንደተካተተ ነገሩኝ።

ከዚያ ምንም ጽሁፍ ከሌለበት ትንሽ ነጭ እቃ ውስጥ እንደ ማር የወፈረ ጄል በብሩሽ አወጣች። በአንዴ ወፈር አድርጋ ጫነችው። እጄን ላምፑ ውስጥ ሳስገባ ጥፍሬ ነደደ። ሳወጣው «ያለ ነው፣ ቻይው» አለችኝ። ቻልኩት። መቻል አልነበረብኝም። ጄል በላምፕ ሲደርቅ ከራሱ ሙቀት ያወጣል፤ በጣም የሚያቃጥለው ደግሞ አንዴ ወፍራም ሲደረግ ነው። ስስ ስስ እያደረጉ ደጋግሞ ማድረቅ ነው ትክክለኛው አሰራር። እንደዚያ ሲያቃጥላችሁ እጃችሁን አውጡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ላስለቅቅ ተመለስኩ። ጥጥ አሴቶን ነክራ ጣቶቼን አንድ በአንድ በፎይል ጠቀለለች። 15 ደቂቃ ቆየሁ። ፎይሉ ሲፈታ ጄሉ እንዳለ ነው። ቆዳዬ ግን ነጭ ሆኖ ተጨማዷል። ደግማ ጠቀለለች። ሌላ 20 ደቂቃ። በብረት መግፊያው ስትገፋው ጫፉ እንኳን አልተነቃነቀም፤ ላዩ ብቻ ትንሽ ደብዘዝ ብሏል። ያኔ የጥፍር ቤቱ ባለቤት መጥታ አየችው። «ይሄማ ሃርድ ነው፣ በመሞረጃ ማሽን ነው የሚነሳው፣ 800 ብር ትጨምሪያለሽ» አለችኝ። እነሱ ራሳቸው የሰሩት ነው። ጄሉ እንደዚያ ደብዝዞ መንገድ ላይ መውጣት አልቻልኩም፣ ከፈልኩ።

ማሽኑ ጄሉን ጨርሶ የኔን ጥፍር ጀመረ። ጩኸቱና ሙቀቱ አሁንም ይታወሰኛል። በሁለቱ አውራ ጣቶቼ ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ቀይ መስመር ወጣ። ማሽኑ አንድ ቦታ ላይ ቆይቶ ጥፍሩን ሲያሳሳው የሚመጣ ነው። ለሁለት ሳምንት ትኩስ ሻይ በብርጭቆ መያዝ አቃተኝ። ስጎርስ ደግሞ በርበሬው ጥፍሬ ጥግ ላይ እየገባ ያንገበግበኝ ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው፣ ግን ማንም አይነግራችሁም። ሃርድም ሶፍትም ሲሸጥ ስሙ «ጄል» ነው፤ ሁለቱም በላምፕ ይደርቃሉ። ሃርድ ጄል ሲደርቅ ግን ውስጡ ጥብቅ ብሎ ይቆላለፋል፣ አሴቶን መግቢያ አያገኝም። ቢዘፈዘፍ ቢውል አይለቅም። ያለው መንገድ መሞረድ ብቻ ነው። ሶፍት ጄል ላላ ያለ ስለሆነ ላዩ ትንሽ ከተሞረደ አሴቶኑ ይገባበታል፣ ያብጣል፣ ከጥፍሩ ይላቀቃል።

ሃርድ ጄል መጥፎ ነው አልልም። ጥፍሯን አስረዝማ ወራት ይዛ ለምትቆይ ሴት ጠንካራው እሱ ነው። ግን በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ከስር ያደገውን እያስሞላች መኖር አለባት፤ ሰሪዋም ማሽን በደንብ የምትይዝ መሆን አለባት። ጥፍሯ አጭር ለሆነ፣ ቀለም ቶሎ ቶሎ ለምትቀይር፣ ወይም እንደኔ ለአንድ ሠርግ ብቻ ለምትፈልግ ሶፍት ጄል ይበቃል። ደግሞ ጥፍር ለማወፈርና ለማስረዘም የሚሆነው ወፍራም ጄል «ቢልደር» ይባላል፤ ስሙ አያታልላችሁ። አንዳንዱ ቢልደር በአሴቶን ይለቃል፣ አንዳንዱ አይለቅም። ስለዚህ «በምንድን ነው የሚነሳው? እቃውን አሳይኝ» በሉ። ጽሁፍ የሌለው እቃ ካመጣችላችሁ ተነሱ።

ጽሁፉ ለሌላም ነገር ያስፈልጋል። ብዙ ጄል ውስጥ ሄማ የሚባል ኬሚካል አለ። ሳይደርቅ ቆዳ ከነካ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል፤ አንዴ ከጀመረ ደግሞ አብሮ ይኖራል። በአውሮፓ ህብረት ሄማ ያለበት የጥፍር ምርት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለባለሙያ ብቻ ነው የተፈቀደው። ጄሉን በላምፕ እንዲደርቅ የሚያግዘው ቲፒኦ ደግሞ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ ከመዋቢያ ምርቶች ታግዷል። ስም የሌለው ነጭ እቃ ውስጥ የትኛው እንዳለ በምን ይታወቃል? ጣታችሁ ዙሪያ ካሳከካችሁ ወይም ውሃ ከቋጠረ ጄሉን አስነሱና ቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሌላ ጄል ደርባችሁ አትሸፍኑት።

አሁን እጃችሁ ላይ የማይለቅ ጄል ካለ አትንቀሉት፤ የጥፍራችሁን ሽፋን ይዞ ነው የሚነሳው። አጭር አድርጋችሁ ቁረጡት። ላዩን በእጅ ሞረድ አሳሱት፣ የቀረውን ስስ ጄል ግን ተዉት፣ ከጥፍሩ ጋር አድጎ ይውጣ። ጠርዙ ከተነሳ ግን ውሃ ስለሚገባበት የተነሳውን ክፍል ቶሎ አስሞርዱት። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው፣ ሙሉ ለሙሉ እስኪተካ ግማሽ ዓመት ያህል ይፈጃል። ማታ ማታ ዘይት አድርጉበት። የኔ አውራ ጣቶች ገና ግማሽ ላይ ናቸው። አዲሱ ጥፍር ወፈር ብሎ እየመጣ ነው፣ የተፋቀው ክፍል ግን እስካሁን ስነካው ይታጠፋል።