ለሙዚቃም ለጌምም የሚሆን ዴስክቶፕ፦ 8 ኮር ይሻላል ወይስ 16?

ሙዚቃም የሚያቀናብር ጌምም የሚጫወት ሰው አዲስ ዴስክቶፕ ሲገጣጥም ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ግራፊክስ ካርድ ላይ ይጨርስና ለሌላው እጁ ያጥረዋል። ለጌሙ ያዋጣል። የሙዚቃ ሶፍትዌር ግን ግራፊክስ ካርዱን እምብዛም አይነካውም፤ ሸክሙ ያለው ፕሮሰሰሩና ራሙ ላይ ነው። እኔ ከሁሉ በፊት መወሰን ያለበት ፕሮሰሰሩ ነው ባይ ነኝ።

ሁለት የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮችን እናወዳድር፦ ራይዘን 7 9800ኤክስ3ዲ እና ራይዘን 9 9950ኤክስ። ሁለቱም ኤኤም5 ሶኬት ላይ ስለሚገቡ ያው ማዘርቦርድና ያው ራም ይሆናቸዋል። የመጀመሪያው 8 ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሥራ የሚሠሩ ክፍሎች) ብቻ ቢኖረውም ኤል3 ካሹ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ማስታወሻ፣ 96 ሜጋባይት ነው። ጌም ደጋግሞ የሚፈልገውን ዳታ እዚያው አጠገቡ ስለሚያገኝ ወደ ራም የሚያደርገው ምልልስ ይቀንሳል። በጌም የሚበልጠውም ለዚህ ነው። የሁለተኛው ካሽ 64 ሜጋባይት ነው፤ ኮሩ ግን 16።

ታዲያ ሙዚቃ 16 ኮር ይፈልጋል? እንደ አሠራራችሁ ነው። አንድ ትራክ ላይ የደረደራችኋቸው ፕላግኢኖች (ድምፅ የሚፈጥሩ ወይም የሚያስተካክሉ ተጨማሪ ፕሮግራሞች) ተራቸውን ጠብቀው ነው የሚሠሩት፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ውጤት ይጠብቃል። ስለዚህ አንድ ትራክ በአብዛኛው የአንድ ኮር ሥራ ነው። ትራኩ ሲበዛ ግን ሥራው ለብዙ ኮሮች ይከፋፈላል።

ሰዓቱም ጠባብ ነው። በ48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48,000 የድምፅ ናሙና ወይም ሳምፕል)፣ በፈሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያሰላውን የድምፅ ቁራጭ፣ 64 ሳምፕል ላይ አድርጋችሁ ድምፃዊት ስትቀርጹ፣ ኮምፒውተሩ ስሌቱን በ1.3 ሚሊሰከንድ ውስጥ መጨረስ አለበት። አንዱ ኮር ከዘገየ፣ ሌሎቹ ሥራ ፈትተው ቢቀመጡም ድምፁ ይቆራረጣል። በፈሩን 512 ስታደርጉት ጊዜው ወደ 10.7 ሚሊሰከንድ ይሰፋል። ለሚክስ (የተቀረጹትን ትራኮች ለማዋሃድ) ይህ ጥሩ ነው። በቀረጻ ላይ ግን ድምፃዊቷ የራሷን ድምፅ በሄድፎን ዘግይቶ ስለምትሰማው መዝፈን ይቸግራታል።

ቢት የምትሠሩ፣ ድምፃዊ የምትቀርጹና ማታ ማታ ጌም ላይ የምትጣዱ ከሆነ 9800ኤክስ3ዲን ውሰዱ። 8 ፈጣን ኮር ለዚህ ይበቃል። የኦርኬስትራ ሥራ የምትሠሩ፣ ትራካችሁ መቶ የሚያልፍ ከሆነ ግን 9950ኤክስ ይሻላችኋል፤ ጌሙንም ቢሆን በደንብ ያጫውታል። ሁለቱን ያጣመረው 9950ኤክስ3ዲም አለ። ትልቁ ካሽ ያለው ግን ከ16ቱ ኮሮች በ8ቱ በኩል ብቻ ነው፤ ዋጋውም ከበድ ይላል። ከኢንቴል በኩል 20 ኮር ያለው ኮር አልትራ 7 265ኬ ለሙዚቃ ጎበዝ ነው፣ በጌም ግን 9800ኤክስ3ዲን አይደርስበትም።

ራም ላይ 32 ጊጋባይት ለጌምና ለቢት ይበቃል። ትልልቅ የሳምፕል (አስቀድሞ የተቀረጸ የመሣሪያ ድምፅ) ስብስቦችን የምትጠቀሙ ግን ወደ 64 ሂዱ። አደራ፣ «አሁን ሁለት ባለ 16 ልግዛ፣ በኋላ ሁለት እጨምራለሁ» አትበሉ። ዲዲአር5፣ እነዚህ ፕሮሰሰሮች የሚጠቀሙት የራም ዓይነት፣ አራቱም ቦታ ሲሞላ ብዙ ጊዜ ፍጥነቱን ለመቀነስ ይገደዳል። ከመጀመሪያው ሁለት ባለ 32 መግዛት ይሻላል።

ኤስኤስዲ (ፋይል ማስቀመጫው) ላይ ብዙ አትጨነቁ። ሲስተሙንና ጌሙን ኤንቪኤምኢ በሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ላይ ጫኑ፤ ለሳምፕሎች በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ የሚያነብ ሳታ ኤስኤስዲም ይሆናል። ለድምፅ ደግሞ ኬዙ ውስጥ የሚገባ ሳውንድ ካርድ ሳይሆን፣ የራሱ አሲዮ ድራይቨር (ድምፁን ብዙ ሳያዘገይ ከሙዚቃ ሶፍትዌሩ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ያለው የዩኤስቢ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክና ሄድፎን የሚሰካበት ሳጥን) ግዙ።

ማይክራችሁ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ከሆነ ጫጫታውም ይታሰብበት። 9800ኤክስ3ዲ 120 ዋት፣ 9950ኤክስ 170 ዋት ተብለው ነው የተመደቡት፤ የመጀመሪያውን በጸጥታ ማቀዝቀዝ ይቀላል። ግራፊክስ ካርድ ስትመርጡም ሥራ ሲቀልለት ፋኑን ጨርሶ የሚያቆመውን ፈልጉ።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ፣ ፕላግኢን መጫን ከመጀመራችሁ በፊት ላተንሲሞን የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ለተወሰነ ደቂቃ አስኪዱት። ድምፁን የሚያቆራርጠው አንዳንዴ ፕሮሰሰሩ ሳይሆን የዋይፋይ ወይም የግራፊክስ ካርድ ድራይቨር ነው፤ የትኛው እንደሆነ በስሙ ያሳያችኋል።