«በእንግሊዝኛ የቀረበ» የሚል የጃፓን አኒሜሽን ስብስብ ከመግዛታችሁ በፊት

የጂብሊ ስቱዲዮን ፊልሞች በአንድ ሳጥን አድርጎ «ሙሉ ስብስብ፣ በእንግሊዝኛ ድምፅ» እያለ በኢንተርኔት የሚያስተዋውቅ ሻጭ አለ። በተለይ ለልጆቻችሁ ስጦታ የምትፈልጉ ወላጆች ተጠንቀቁ። ሳጥኑን ገዝቼ አይቼዋለሁ። ሽፋኑ ያማረ ነው፤ ዋጋውም ከትክክለኛዎቹ ዲስኮች ብዙ አይርቅም። ውስጡ ግን ከየቦታው የተለቃቀመ ነው።

«እንግሊዝኛ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ከእነዚህ ፊልሞች አንዳንዶቹ በተለያየ ዘመንና በተለያዩ ተዋናዮች ከአንድ ጊዜ በላይ የእንግሊዝኛ ድምፅ ተሠርቶላቸዋል፤ ሻጩም ያገኘውን ይጭናል። ከሁሉ የከፋው ናውሲካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ጃፓን ውስጥ የወጣው ፊልም ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል። በ1985 «ዋሪየርስ ኦፍ ዘ ዊንድ» ተብሎ አሜሪካ ሲገባ ከ20 ደቂቃ በላይ ተቆርጦ፣ የባለታሪኳ ስም ሳይቀር ተለወጠ። በ2005 ዲዝኒ ያወጣው፣ እነ ፓትሪክ ስቱዋርት የሚናገሩበት ቅጂ ግን ሙሉ ነው። ከሳጥኑ የወጣውን ዲስክ ስከፍት ልዕልቲቱ «ዛንድራ» ተብላ ተጠራች! የቱ እንደደረሰኝ ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

«ኪኪስ ዴሊቨሪ ሰርቪስ» ላይ ጉዳዩ ረቀቅ ይላል። ዲዝኒ በ1998 ያወጣው ድምፅ መጥፎ የሚባል አይደለም፤ የባለታሪኳን የኪኪን ድመት የጂጂን ድምፅ የሠራው ፊል ሃርትማን ያስቃል። ነገር ግን ሥራው ዝምታን ይፈራል። ጃፓኖቹ ጸጥ ባሉበት ቦታ ጂጂ ይቀልዳል፣ ያጉረመርማል። በጃፓንኛው መጨረሻ ላይ ድመቱ «ሚያው» ብቻ ይላል፤ ኪኪ አድጋለችና የልጅነቷ ጓደኛ እንደ ቀድሞው አያነጋግራትም። በ1998ቱ እንግሊዝኛ ግን አንደበቱ ይመለስለታል። የፊልሙ ሐሳብ ተገለበጠ ማለት ነው። የመግቢያና የመዝጊያ ዘፈኖቹም በሌላ ተተክተዋል። በ2010 በአሜሪካ በወጣው ዲስክ ከጭማሪዎቹ ብዙዎቹ ተነስተው የጃፓንኛ ዘፈኖቹ ተመልሰዋል። ሻጩ የላከው አሮጌውን ነው።

«ካስል ኢን ዘ ስካይ» ላይ የሁለቱ ሕፃናት ድምፅ የጎረምሳና የወጣት ሴት ይመስላል፤ ይህ የዲዝኒው ሥራ ጉድለት ስለሆነ ሻጩን አልወቅስበትም። አሮጌ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴም አይደለም፤ የ«ቶቶሮ» ሁለቱም የእንግሊዝኛ ቅጂዎች ለእኔ ደህና ናቸው፣ ምንም እንኳ በኋለኛው እኅትማማቾቹን የሚጫወቱት እውነተኛ እኅትማማቾች፣ ዳኮታና ኤል ፋኒንግ፣ ቢሆኑም። «ስፒሪትድ አዌይ» ላይ ሱዛን ፕሌሼት የጠንቋይዋን የዩባባን ድምፅ የሠራችበት መንገድ ከዋናው ጋር ሊወዳደር ይችላል።

ትልቁ ማጭበርበር ያለው የግርጌ ጽሑፉ ላይ ነው። «ዳቢንጉን (የእንግሊዝኛውን ድምፅ) ካልወደዳችሁ በጃፓንኛ እያያችሁ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ አንብቡ» ይላል ማስታወቂያው። ጽሑፉ ግን ከጃፓንኛው አልተተረጎመም፤ የእንግሊዝኛው ተዋናይ ያለውን ቃል በቃል የገለበጠ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ድምፁን ወደ ጃፓንኛ፣ ጽሑፉን ወደ እንግሊዝኛ አድርጉ። ማንም አፉን ሳይከፍት ጽሑፍ ብቅ ካለ ገንዘባችሁን ለሁለት ምርጫ ከፍላችሁ አንዱን ብቻ ተቀብላችኋል።

ከመክፈላችሁ በፊት ስለ እያንዳንዱ ፊልም የእንግሊዝኛው ድምፅ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተሠራና ፊልሙ ስንት ደቂቃ እንደሚረዝም በጽሑፍ ጠይቁ። እኔ ከገዛሁ በኋላ ብጠይቅ የተመለሰልኝ «እንግሊዝኛ ነው አይደለም?» የሚል ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ምላሽ የለም። ከአሜሪካ፣ ከካናዳና ከጃፓን ውጭ ያላችሁ ከ2020 ጀምሮ አብዛኞቹ የጂብሊ ፊልሞች ኔትፍሊክስ ላይ ስለገቡ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ዲስክ ከፈለጋችሁ ከ2017 ወዲህ ጂኪድስ የተባለው አከፋፋይ ያወጣቸውን አንድ በአንድ ግዙ፤ ሳጥኑን ለሻጩ ተዉለት።