ኬጂውን የገመገመችው ልጄ ናት

ጀሞ አካባቢ ኬጂ የሚፈልግ ወላጅ ሁሉ እኔን ይጠይቀኛል። አንዴ ልጻፈውና ይገላግለኝ። የትምህርት ቤቱን ስም ግን አልጠራም። ልጄ አሁንም እዛው ነው የምትማረው፣ መቼም ይገባችኋል።

የግል ኬጂ ነው። ግቢው ድሮ የመኖሪያ ቪላ ነበር፤ ሳሎኑ ተከፍሎ ሁለት ክፍል ወጥቶታል፣ ጋራዡ ቤተ መጻሕፍት ተብሏል። ግድግዳው በሥዕል አሸብርቋል። ክፍያው ለሰፈሩ መካከለኛ ነው፣ ሰርቪስና ዩኒፎርም ለብቻ ይከፈላል። ወላጅ ለምዝገባ ሲመጣ ዳይሬክተሯ ክፍል በክፍል ታስጎበኘዋለች፣ ልጆቹም ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው በአንድ ድምፅ «ጉድ ሞርኒንግ» ሲሉ አባት ሆዬ እዛው ልቡ ይቀልጥና ኪሱን መዳበስ ይጀምራል። የሰፈሩ ሰውም የሚያወራው ስለዚሁ እንግሊዝኛ ነው።

እዛ ግቢ የሚውለው ግን ልጁ ነው። ስለዚህ ይሄ ግምገማ የእሷ ነው፣ እኔ ጸሐፊ ነኝ። አምስት ዓመቷ ነው፣ ኬጂ 2።

«ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «ምንም» ነው። የማንም ልጅ መልስ ይሄው ነው። «ትምህርት ቤት ደስ ይላል?» ካላችሁ ደግሞ «አዎ» ትላችኋለች፣ አዎ ካለች ጥያቄው እንደሚያልቅ ታውቃላ። እውነቱ የሚወጣው ዕቃ ዕቃ ስትጫወት ነው። እሷ ሚስ ትሆናለች፣ አሻንጉሊቶቹ ተማሪ። ማስመሪያ ትይዝና «ፊንገር ኦን ዩር ሊፕስ!» ብላ ትጮኻለች፣ እኔ እንኳ ከኩሽና ሆኜ ዝም እላለሁ። አንድ ቀን ድቡን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ አቆመችው። ምን አጥፍቶ ነው ስላት «አማርኛ አውርቶ» አለችኝ። ምን ብሎ?

«ውሃ ጠማኝ ብሎ።»

ከዚህ በላይ ግምገማ አላውቅም። የአገሪቱ የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ ነው የሚለው፤ የግል ኬጂ ገበያው ግን የሚሸጠው እንግሊዝኛ ነው፣ ገዢዎቹም እኛ ነን። ለመማሩ ይማሩት። ውሃ ለመጠየቅ ግን ፈተና ማለፍ የለባቸውም።

ከዛ በኋላ አንድ ነገር ሞከርኩ። እንግሊዝ አገር አሊሰን ክላርክና ፒተር ሞስ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ያስተዋወቁት «ሞዛይክ» የሚባል አሠራር አለ። ትንንሽ ልጆችን በቃል ብቻ ከመጠየቅ ይልቅ ካሜራ ይሰጧቸዋል፣ የሚውሉበትን ቦታ ራሳቸው እየመሩ እንዲያስጎበኙ ያደርጋሉ፣ ካርታም ያሠሯቸዋል፤ ከዛ ሁሉንም ሰብስበው አብረው ያወሩበታል። እኔ ደግሞ በወላጆች ቀን አሮጌ ስልኬን ሰጠኋትና «የምትወጂውንም የማትወጂውንም አንሺልኝ» አልኳት።

ያነሳችው ምን መሰላችሁ? ከሮቶው ጀርባ ያለችውን ጠባብ ጥላ፣ ድብብቆሽ የሚጫወቱት እዛ ነው። ዘበኛው ጋሼን፣ ማለቴ እግራቸውን፣ ከእሷ ቁመት የሚታየው እሱ ነዋ። የሽንት ቤቱን በር ደግሞ ደጋግማ ከፊት ከጎን። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ማብሪያውም እጀታውም ለአዋቂ ቁመት ነው የተሠራው። እዛ ላለመግባት ቤት እስክትመጣ ሽንቷን እንደምትይዝ ያወቅኩት ያኔ ነው። ሰርቪሱ ደጅ ሲቆም ለምን እየሮጠች እንደምትገባም ገባኝ።

ሸርተቴው ግን የትም ፎቶ ላይ የለም። የቴሌግራም ቻናላቸው ላይ በየሳምንቱ የሚለጠፈው ያ ቀይ ሸርተቴ! ለምን አላነሳሽውም ስላት «እሱ የአርብ ነው» አለች። በሌላው ቀን ዩኒፎርም ይቆሽሻል ተብሎ በገመድ ይታሰራል።

የምሳው ነገር ራሱን የቻለ ፖለቲካ ነው። ፓስታና ሩዝ ያመጣ ክብር አለው፣ ፍርፍር ያመጣ ይሳቅበታል። ይሄን ትምህርት ቤቱ አላመጣውም፣ ከየቤታችን ነው የመጣው። የምሳ ዕቃው ክዳን ከጠበቀ ደግሞ ልጁ ሳይበላ ሊቀር ይችላል። እዚህ ጋ ነው እትዬ የሚመጡት። ሞግዚቷ ናቸው። ክዳን ይከፍታሉ፣ ጫማ ያስራሉ፣ አፍንጫ ይጠርጋሉ፣ ሚስ ስትወጣ ጠብቀው ቀስ ብለው በአማርኛ «ምን ሆንሽ የኔ እናት?» ይላሉ። ልጄ ስለ ኬጂው ሳትጠየቅ የምታወራው ስለ እሳቸው ብቻ ነው። ቻናሉ ላይ ግን እትዬ አንድም ቀን ታይተው አያውቁም፣ ለጉብኝት የሚመጣ ወላጅም አያስተዋውቁትም።

የቤት ሥራውን ቶሎ ልለፈው፦ በዝቷል። ገጽ ሙሉ አንድ ፊደል መገልበጥ። «እጄ ደከመው» ትላለች፣ እውነቷን ነው።

አንድ የክፍሏ ልጅ ተንበርክኮ እንደቆየ ስትነግረኝ ግን ሄጄ ጠየቅኩ። መልሱ «ልጆች ያጋንናሉ» የሚል ነበር። ያጋንኑ ይሆናል፣ መንበርከክን ግን ከየት ያመጡታል? የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አለው ይላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ አንቀጽ 12 ላይ ልጅ በሚነካው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽና የመሰማት መብት እንዳለው ያስቀምጣል። የመንግሥታቱ ድርጅት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2005 ይሄ ለትንንሾቹም ነው፣ ገና በቃል መግለጽ ለማይችሉትም ጭምር ብሏል። ይሄን ሁሉ ለዳይሬክተሯ አልዘረዘርኩም፣ ፎቶዎቹን ነው ያሳየኋት። እውነት ለመናገር በሳምንቱ የሽንት ቤቱ መብራት ተሠራ፣ እጀታውም ዝቅ አለ። ሸርተቴው ግን እስካሁን የአርብ ነው። የመንበርከኩን ነገር ደግሞ «እናጣራለን» ብለውኛል፣ እየጠበቅኩ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቅድመ አንደኛ ነው የሚማረው። አንድ ቀን ሁለቱ ደጃፍ ላይ ሲፎካከሩ ሰማኋቸው። የእኔዋ «እኛ ሰርቪስ አለን» ትላለች። እሱ «እኛ ሜዳ አለን» ይላል። «እኛ እንግሊዝኛ እናወራለን።» «እኛ ቁርስም ምሳም እዛው እንበላለን፣ ሁላችንም አንድ ዓይነት!» አዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ አለ፣ እውነቱን ነው። ክፍላቸው ተጨናንቋል፣ እናቱም ታማርራለች። ሜዳው ላይ ግን የእኔዋ መልስ አጣች፣ ትንሽ አሰብ አደረገችና «እኛ እትዬ አሉን» አለችው።

ለመመዝገብ የምታስቡ፣ የግድግዳውን ሥዕል ተዉትና በምሳ ሰዓት ሂዱ። ሽንት ቤቱን አሳዩኝ በሉ፣ እዛም ቁጢጥ ብላችሁ በልጅ ቁመት እዩት። ልጁ ውሃ ሲጠማው በምን ቋንቋ እንደሚጠይቅ ጠይቁ። ሞግዚቷን አስተዋውቁኝ በሉ፤ ስሟን ሳያስታውሱ ዓይናቸው ከተንከራተተ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

እኛ በመስከረም ኬጂ 3ን እዛው እንቀጥላለን። ምክንያቱ እትዬ ናቸው፣ እሳቸው ከለቀቁ እኛም እንለቃለን።