ምርጥ ምድጃ በአዳማ ማድ ቤት፦ የማገዶው ቁጠባና የአሞኒያው ጉዳይ

በአዳማ እንጀራ በማገዶ የሚጋገርበት ቤት ዛሬም ብዙ ነው፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጠቀመውም ቢሆን መብራት በጠፋ ቀን ወደ ማገዶው ይመለሳል። በእኛ ቤት ሦስት ጉልቻን የተካው ምርጥ ምድጃ ነው። ይህ ምድጃ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን ለእንጀራ ምጣድ ታስቦ የተሠራ፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከሲሚንቶና ከፑሚስ (ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የሚመረት ነው። ክፍሎቹ ሲገጣጠሙ ምጣዱን የሚሸከም ክብ ግድግዳ ይሆናሉ፤ ከኋላው ደግሞ ጭሱ የሚወጣበትና ድስት የሚጣድበት ቦታ አለው።

ምድጃው ገዢ የሚያገኘው በማገዶ ቁጠባው ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ይነገርለታል፤ በቤታችን ያየሁትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ነፋስ በማይጠፋባት አዳማ ግድግዳው ትልቅ ጥቅም አለው፦ ነበልባሉ ወደ ጎን ሳይበተን ምጣዱን ከሥሩ ያገኘዋል፣ የጋጋሪዋም ፊትና እግር አይለበለብም። እንጀራውም ከዳር እስከ ዳር ዐይን ያወጣል።

ይሁን እንጂ የምድጃ ምዘና በማገዶ ሂሳብ ብቻ መቆሙ ያሳስበኛል። ከጭሱ ጋር ምን እንደሚወጣም መጠየቅ ይገባል፤ ከሚወጡት ጋዞች መካከል ብዙ የማይወራለት አሞኒያ፣ ማለትም ናይትሮጅን ያለበትና ሽታው የሚሰነፍጥ ጋዝ ነው። በዓለም ደረጃ አብዛኛው አሞኒያ ወደ አየር የሚገባው ከከብት እዳሪና ከማዳበሪያ ቢሆንም፣ ከእነርሱ ቀጥሎ ከሚጠቀሱት ዋና ምንጮች አንዱ የደን፣ የሣር፣ የሰብል ተረፈ ምርትና የማገዶ ቃጠሎ ነው። አሞኒያው የሚመነጨው በማገዶው ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ስለሆነ፣ የሚነደው ነገር ምንነትና የአነዳዱ ሁኔታ መጠኑን ይወስናሉ። ደረቅ እንጨት የሚይዘው ናይትሮጅን በአብዛኛው ከክብደቱ ከግማሽ በመቶ በታች ሲሆን፣ ደረቅ ኩበት ግን ከ1 እስከ 2 በመቶ ይይዛል። 1 ኪሎ እንጨት በክፍት ምድጃ ሲነድ ወደ 1 ግራም የሚጠጋ አሞኒያ ሲያወጣ፣ 1 ኪሎ ኩበት ከ4 ግራም በላይ ሊያወጣ ይችላል።

አነዳዱን በተመለከተ፣ ቦግ ባለ ነበልባል ውስጥ ናይትሮጅኑ በአብዛኛው ወደ ናይትሮጅን ኦክሳይድና ወደ ተራ የናይትሮጅን ጋዝ ይለወጣል፤ እሳቱ ታፍኖ ሲጤስ ግን ሙቀትና ኦክስጅን ስለሚያንሰው አሞኒያው ሳይቃጠል ያመልጣል። ስለዚህ እርጥብ ኩበት እስከ አፉ የታጨቀበት ምድጃ፣ የቱንም ያህል ማገዶ ቆጣቢ ቢሆን፣ አሞኒያን በተመለከተ ብዙ አላተረፈም። ምድጃው ማገዶውን በግማሽ መቀነሱ አሞኒያውንም የሚቀንሰው የማገዶው ዓይነትና አነዳዱ ሳይበላሽ ሲቀር ነው።

አሞኒያ አየር ላይ የሚቆየው ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚሠራው ግን ቀላል አይደለም። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ አዳማን ስለሚያልፍ የከባድ መኪና ጭስ ከከተማችን አይታጣም። በዚህ ጭስ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ኦክሳይድ በአየር ላይ ወደ ናይትሪክ አሲድ ይለወጣል፤ አሞኒያ ከዚህና ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሱ፣ ሳንባ ውስጥ ዘልቀው የሚገቡ ብናኞችን ይፈጥራል። ከናይትሪክ አሲድ ጋር የሚፈጠሩት በተለይ አየሩ በሚቀዘቅዝበት ሌሊትና ማለዳ ይበረክታሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የኩበቱ ነገር ነው። 100 ኪሎ ደረቅ ኩበት 1.5 በመቶ ናይትሮጅን ቢይዝ፣ በውስጡ 1.5 ኪሎ ናይትሮጅን አለ ማለት ነው፤ ዩሪያ የተባለው ማዳበሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ፣ ይህ ከ3 ኪሎ ዩሪያ በላይ ካለው ጋር ይስተካከላል። ኩበቱ ሲነድ አመዱ ውስጥ የሚቀረው ናይትሮጅን እጅግ ጥቂት ነው። እርግጥ ነው፣ እዳሪ ማሳ ላይ ተበትኖ ሲቀርም አሞኒያው ይተናል፤ ወዲያው ከአፈር ጋር ከተቀላቀለ ግን የሚባክነው በእጅጉ ይቀንሳል። ዩሪያ በውድ የሚገዛ ገበሬ ኩበቱን ለከተማ ማገዶ ሲሸጥ ማየት ያሳዝነኛል።

ወደ ምድጃው ጉድለቶች ስመለስ፣ እኛ የገዛነው የጭስ ማውጫ ቱቦ የለውም፤ ጭሱ ከኋላው ወጥቶ ማድ ቤቱ ውስጥ ስለሚቀር መስኮት አጠገብ መትከል ግድ ነው። በመጋጠሚያዎቹ በኩልም ጭስ ስለሚያፈተልክ በጭቃ መምረግ ያስፈልጋል። ከባድ በመሆኑ ቤት ለሚቀያይር ተከራይ አይመችም። ሻጮቹ ስለ ቁጠባው አብዝተው ሲነግሩን፣ ምን ዓይነት ማገዶ እንደሚስማማው ግን አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ይህ መታረም አለበት።

መብራት የማይቆራረጥበት ሰፈር የሚኖር ሰው በማድ ቤቱ አሞኒያም ጭስም የማያወጣውን የኤሌክትሪክ ምጣድ እንዲመርጥ እመክራለሁ። በማገዶ መጋገር ለሚቀጥል ግን ምርጥ ምድጃ ገንዘቡ ይገባዋል፤ በደንብ የደረቀ፣ ቀጭን ተደርጎ የተፈለጠ እንጨት ጥቂት በጥቂት ይግባበት፣ አመዱ ቶሎ ቶሎ ይጠረግ፣ የመጨረሻው እንጀራ ሲወጣም የቀረው ማገዶ እየጤሰ እንዲያድር ሳይተው ተስቦ ይጥፋ። ከመግዛት በፊት የምጣዱን ስፋት መለካት ይበጃል፤ በምጣዱና በግድግዳው መካከል ክፍተት ከተፈጠረ ነበልባሉ በዚያ ስለሚያመልጥ ቁጠባውም ይቀንሳል።