ናሽናል ጋርድ ወይስ አርሚ ሪዘርቭ፦ ለአዲስ ምክትል መቶ አለቃ

አሜሪካ ውስጥ በትርፍ ጊዜህ የጦር መኮንን ስትሆን ናሽናል ጋርድ (በየግዛቱ ያለው ጦር) እና አርሚ ሪዘርቭ (የምድር ጦሩ ተጠባባቂ ኃይል) ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ሥልጠናው በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓመት ሁለት ሳምንት ገደማ፤ መሠረታዊው ደመወዝም ያው በማዕረግና በአገልግሎት ዘመን ነው።

ልዩነቱ ማን ይጠራሃል የሚለው ላይ ነው። ጋርዱን የግዛቱ ገዥም ያዝዘዋል። ጎርፍ ወይም ሰደድ እሳት ሲመጣ ስልክህ ይጮኻል፣ መሥሪያ ቤትህ ውስጥ የያዝከው ሥራ ቢያልቅም ባያልቅም ቦርሳህን ሸክፈህ ትወጣለህ። ሪዘርቩ ግን የፌዴራል ነው፤ ገዥው አያዝዘውም።

እግረኛ፣ ታንክ ወይም መድፍ ካማረህ ብዙም አታስብ፣ ጋርድ ግባ። ሪዘርቭ ውስጥ የሚበዛው ሕክምና፣ ሎጂስቲክስ፣ ምህንድስናና የመሳሰለው ድጋፍ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ግን በሁለቱም ቤት ያው ነው። 30 ምናምን ሰው ተሰልፎ ያይሃል። ደረትህ ላይ ያለችው የማዕረግ መስመር ገና አዲስ ናት፣ ጎንህ የቆመው ሃምሳ አለቃ ደግሞ አንተ ደብተር ይዘህ ስትመላለስ ጀምሮ ወታደር ነበር። (ያንን ሰው ሳታማክር ምንም አትቀይር፣ የምሬን ነው።)

እኔን ከጠየቅከኝ፣ ሥራህ ከግዛት ግዛት የሚያዘዋውርህ ከሆነ ሪዘርቭ ይሻላል፤ ጋርድ ውስጥ ግዛት መቀየር ወረቀቱ ብዙ ነው።