ፕሮጀክቱ ይከፈታል፣ ድምፁ ግን የለም

ይህን የፒያኖና የስትሪንግ (የባለ አውታር መሣሪያዎች) ፕለጊን፣ ማለትም በሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ የመሣሪያዎቹን ድምፅ የሚያወጣ ሶፍትዌር፣ ከገዛሁት 26 ወር ሆነው። ድምፁ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ፒያኖው ያምራል፣ ኮምፒውተሩንም አያጨናንቅም። ልትገዙት ያሰባችሁ ግን ከድምፁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ማዘርቦርድ ከቀየርኩ ወዲህ ፕለጊኑ አልከፈት ብሏል፤ በእሱ የተሠሩት ሥራዎችም አብረውት ተቆልፈዋል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፕለጊኑ መጀመሪያ አክቲቬት ሲደረግ (ፈቃዱ ሲከፈት) የማዘርቦርዱንና የዲስኩን መለያ ቁጥሮች አጣምሮ ለኮምፒውተሩ አሻራ ያወጣል። ከኩባንያው ሰርቨር የሚመጣው መክፈቻ ኮድ ለዚያ አሻራ ብቻ ነው የሚሠራው። ማዘርቦርድ ሲቀየር አሻራው ይለወጣል፣ አዲስ ኮድ ያስፈልጋል። ኩባንያው ደግሞ ለዚህ ቨርዥን የሚሰጠውን አገልግሎት አቋርጦ ሰርቨሩን ዘግቷል። ደረሰኙ፣ ሲሪያል ቁጥሩና መጫኛ ፋይሉ በእጄ ናቸው፤ ሦስቱ ተደምረው አንዲት ኖታ አያሰሙም።

«ፕሮጀክቶችዎ እኮ አልጠፉም፣ ፋይሎቹ ዲስክዎ ላይ አሉ» የሚል ሻጭ አይጠፋም። አሉ። ነገር ግን እንዲህ ባለ ፕለጊን የተሠራ ትራክ ድምፅ አይይዝም። የሚይዘው የትኛው ኖታ መቼና ከ1 እስከ 127 ባለው መለኪያ በምን ያህል ኃይል እንደተነካ የሚናገረውን ሚዲ፣ እንዲሁም ፕለጊኑ ራሱ ብቻ የሚያነበውን የቅንብር ጥቅል ነው። ሚዲውን ወደ ሌላ ፕለጊን ማዞር ይቻላል። ፒያኖ ከሆነ የልስላሴው መጠን ይዛባል እንጂ ዜማው ይተርፋል፤ ስትሪንግ ግን ይፈርሳል። ከሌጋቶ (ኖታዎቹን አያይዞ ከመጫወት) ወደ ፒዚካቶ (አውታሩን በጣት ወደ መንካት) የሚያሸጋግሩት ዝቅተኛ ኖታዎች ሌላ ፕለጊን ውስጥ ወይ ምንም አይሠሩም ወይ እንደ ተራ ባስ ኖታ ይጮኻሉ። ሌጋቶው ዘግይቶ ስለሚነሳ ኖታዎቹን ከምቱ ትንሽ አስቀድሞ ያስገባ ሰው ደግሞ፣ በአዲሱ መሣሪያ ሁሉም ቀድመው ሲሮጡ ይሰማዋል።

«እንግዲያው አዲሱን ቨርዥን ይግዙ» ለሚለው፦ አዲሱ እንደገና የተቀረጸ ሌላ ድምፅ ነው፤ የድሮውን ቅንብር አያነብም። ያለቀ ሥራን ዳግም ለመክፈት ሌላ ዋጋ ከፍዬ ሌላ ሥራ ይደርሰኛል ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ ፕለጊን አልተጀመረም። ማክ ኦኤስ 10.15 እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ 32 ቢት ፕሮግራሞችን ጨርሶ ማስኬድ ስላቆመ፣ ፈቃዳቸው የተሟላ ፕለጊኖች እንኳ በአንድ አፕዴት ዝም ብለዋል። የዩኤስቢ ዶንግል (ፈቃዱን የያዘ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካ ትንሽ ቁልፍ) ይሻላል የሚሉም አሉ፤ ዶንግልም ይሰበራል፣ ሠሪውም ይተወዋል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ዶንግላቸው ተበላሽቶ ጊዜ ያለፈባቸውን ፕሮግራሞች እ.ኤ.አ. በ2003 ቁልፍ መስበርን ከሚከለክለው ሕግ ነፃ ያደረጋቸው ለዚሁ ነበር።

ፕለጊኑ አሁንም የሚሠራላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ትራኮቹን ወደ ዋቭ (ተራ የድምፅ ፋይል) አውጡ። እያንዳንዱን ለየብቻ፣ ሁሉንም ከአንድ መነሻ፣ የመጨረሻው ሪቨርብ እስኪያልቅ፣ በ24 ቢትና ፕሮጀክቱ በተሠራበት ሳምፕል ሬት (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ)። በ48 ኪሎኸርዝ ስቴሪዮ አንድ ደቂቃ 17 ሜጋባይት ያህል ነው፤ 30 ትራክ ያለው የ4 ደቂቃ ሥራ 2 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። አንዴ ከኢፌክት ጋር፣ አንዴ ያለ ኢፌክት ሲወጣ 4። «ፍሪዝ» ማድረግ (ፕሮግራሙ ትራኩን ለጊዜው ወደ ድምፅ ፋይል የሚለውጥበት መንገድ) ይህን አይተካም፤ ብዙ ፕሮግራሞች ፍሪዙ ሲነሳ ፋይሉን ያጠፉታል። ሚዲውንም ከነቴምፖው ለብቻ አስቀምጡ፤ አጨዋወት የሚቀይሩት ኖታዎች የትኞቹ እንደሆኑ ጽፋችሁ አብራችሁ አኑሩት፣ ከዓመት በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት ሰርቨሩ ክፍት ሳለ ዲአክቲቬት አድርጉ (ፈቃዱን ከኮምፒውተሩ አላቁ)። የዲስክ ሙሉ ቅጂ ማዘርቦርድ ሲቀየር አያድንም። ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር) ውስጥ መጫን ሊያድን ይችላል፤ ማሽኑ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ቢዛወር ለፕለጊኑ የሚያሳየውን አሻራ እንዳለ ማቆየት ይቻላልና። አንዳንድ የቅጂ መከላከያ ግን በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አልሠራም ስለሚል አስቀድማችሁ ሞክሩት። የድሮውን ኮምፒውተር እንዳለ ለማቆየት የወሰነ ከኢንተርኔት ይንቀለው፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር2032 ባትሪም ሳትሞት ይቀይራት። ባትሪዋ ስታልቅ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሰዓት ወደ ኋላ ሲሄድ የሚቆልፉ መከላከያዎች አሉ።

ረፍዶባችሁ ከሆነ ደግሞ ፕለጊኑ የጎደለበትን ፕሮጀክት ከፍታችሁ በላዩ ላይ ሴቭ አታድርጉ። አንዳንዱ ፕሮግራም የቅንብር ጥቅሉን ይጠብቃል፣ አንዳንዱ ይጥለዋል። በቅጂ ላይ ብቻ ሥሩ።

መግዛቴ ይቆጨኛል። ከእንግዲህ የምገዛው ድምፁ በተራ ዋቭ የሚመጣ፣ ቅንብሩ እንደ ኤስኤፍዚ (የመሣሪያ ቅንብር የሚጻፍበት የፋይል ዓይነት) በሚነበብ ጽሑፍ የተጻፈ፣ ወይም ቢያንስ ያለ ሰርቨር በፈቃድ ፋይል ብቻ የሚከፈት ነው። በድምፅ ከዚህኛው ጥቂት ቢያንስም እወስደዋለሁ።